ከምድጃው በፊት፦ ነፍሰ ጡር እናት ከሻጋታ መርዝ የምትጠበቅበት መንገድ

ነፍሰ ጡር ስትሆኚ ምክር የማይሰጥሽ ሰው የለም። ከባድ ነገር አታንሺ ይሉሻል፤ ቡና ቀንሺ፣ ጥሬ ሥጋ ይቅርብሽ፣ ክትትልሽን አታቋርጪ። ሁሉም ተገቢ ነው። የሻጋታ ነገር ግን ቢነሳ እንኳ "የሻገተ አትብዪ" ተብሎ ባጭሩ ይዘጋል። በዓይን የሚታየው ሻጋታማ ቀላሉ ነው፤ ጥለሽው ትገላገያለሽ። አስቸጋሪው ደረቅ መስሎ ጆንያ ውስጥ የተቀመጠው በቆሎ፣ ቀለሙ ያማረው የተፈጨ በርበሬ፣ ተቆልቶ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ለውዝ ነው። ሻጋታው አይታይም፣ አይሸትም፤ መርዙ ግን ሊኖር ይችላል።

ምግብን በደንብ ማብሰል ከብዙ በሽታ እንደሚያድን ሁላችንም ተምረናል። ለሻጋታ መርዝ ግን እሳት መድኃኒቱ አይደለም። ሻጋታው ራሱ በሙቀት ይሞታል፤ እያደገ ሳለ እህሉ ውስጥ የተወው መርዝ ግን ይቀራል። አፍላቶክሲን የሚባለው ዋናው መርዝ ለመፈራረስ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ወጡ ቢንተከተክ፣ ገንፎው ቢበስል፣ ወተቱ ቢፈላ መርዙን አያጠፋውም። ማሸነፍ የሚቻለው ከምድጃው በፊት ነው፤ ሲገዛ፣ ሲደርቅ፣ ሲለቀም፣ ሲቀመጥ። ይህ መመሪያም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል።

አስቀድሞ፦ የትኛው መርዝ ምን ያደርጋል?

አፍላቶክሲን በብዛት የሚገኘው በበቆሎ፣ በለውዝ፣ በማሽላና በበርበሬ ላይ ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ መድቦታል፤ የሚጎዳውም በዋናነት ጉበትን ነው። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል፤ በእትብት ደም ውስጥ ተለክቶ ተገኝቷል። በጋና ኩማሲ ከ700 በላይ ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በደማቸው ብዙ አፍላቶክሲን የተገኘባቸው ሴቶች ለደም ማነስ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። በጋምቢያ እናቶቻቸው በእርግዝና ወቅት ለመርዙ የተጋለጡ ሕፃናት በመጀመሪያው ዓመት እድገታቸው ዝግ ያለ ሆኖ ታይቷል። አገራችንም ከዚህ ውጪ አይደለችም። በቡታጅራ አካባቢ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት ከ10 ነፍሰ ጡሮች ከ8 በሚበልጡት ደም ውስጥ የአፍላቶክሲን ምልክት ተገኝቷል፤ መጠኑ ከፍ ባለባቸው እናቶች የፅንሱ እድገት ዝቅ ያለ ነበር።

ፉሞኒሲን የበቆሎ መርዝ ነው። ሰውነት ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን ወደ ሴል የሚያስገባበትን መንገድ ያውካል። ፎሌት ደግሞ የፅንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር በወጉ እንዲዘጋ የሚያስፈልግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 እና 1991 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ከሜክሲኮ ጋር በሚዋሰነው የካሜሮን ወረዳ፣ አንጎላቸው ሳይሟላ የተወለዱ ሕፃናት ቁጥር በድንገት ከፍ ብሎ ነበር። ተመራማሪዎች ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ አድርገው የያዙት የአካባቢው ሰው በየቀኑ የሚበላውን የበቆሎ ቂጣ ነው።

ኤርጎት የሚባለው ደግሞ በገብስ፣ በአጃና በስናር እሸት ላይ በፍሬው ቦታ የሚበቅል ጥቁር ወይም ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ቀንድ የመሰለ ጠንካራ ነገር ነው። የደም ሥርን ያጠብባል፣ ማሕፀንን ያኮማትራል፣ የጡት ወተትንም ይቀንሳል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደምን ለማቆም ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠው ኤርጎሜትሪን የተገኘው ከዚሁ ነው። ለወለደች ሴት በልክ ሲሰጥ ሕይወት የሚያድነው ይህ ነገር ለነፍሰ ጡር ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። በወሎ እ.ኤ.አ. በ1977 እና 1978፣ በአርሲ ደግሞ በ2001 በኤርጎት የተበከለ እህል የበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው እስከ መበስበስ ደርሷል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት እንድትደነግጪ አይደለም። የመርዙ ጉዳት የሚወሰነው በመጠኑና በቆይታው ነው። ትናንት የበላሽው አንድ እፍኝ ለውዝ ልጅሽን ጎዳው ማለት አይደለም። ለደም ማነስም ሆነ ለሕብለ ሰረሰር ክፍተት ከሻጋታ መርዝ ሌላ የታወቁ ምክንያቶች አሉ፤ የብረትና የፎሌት እጥረት ከነሱ ዋነኞቹ ናቸው። መቀነስ ያለብሽ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚገባውን ነው።

ደረጃ 1፦ የምትበዪውን ለይተሽ እወቂ

የአንድ ሳምንት ምግብሽን አስቢ። በየቀኑ የሚደጋገመው ምንድን ነው? ጠዋት የበቆሎ ገንፎ፣ ቀትር የበቆሎ ቂጣ፣ ማታ የማሽላ እንጀራ ከሆነ ተጋላጭነትሽ ከፍ ያለ ነው። ምክንያቱ በቆሎ መጥፎ እህል ስለሆነ አይደለም፤ አንድ ጆንያ ቢበከል የምትበዪው ሁሉ ከዚያው ጆንያ ስለሆነ ነው።

ቀላሉ መከላከያ ማፈራረቅ ነው። በቆሎ በምትበዪበት ቀን ማታውን ጤፍ ወይም ስንዴ አድርጊው። ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ቆጮ በሚገኝበት አካባቢ ከእህሉ ጋር አቀያይሪ። ጤፍ ከመርዙ ፍጹም ነፃ ነው ማለት ግን አይደለም፤ እርጥብ ሆኖ ከተከመረ እሱም ይሻግታል። የአቅም ጉዳይ ሆኖ ማፈራረቅ ካልተቻለ የሚቀጥሉትን ደረጃዎች አጥብቀሽ ያዢ።

ደረጃ 2፦ ገበያ ላይ በዓይንሽና በእጅሽ ፈትሺ

*ለውዝ።* ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከገበሬ ጎተራና ከገበያ የተሰበሰቡ 120 የለውዝ ናሙናዎች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ውጤት 93ቱ አፍላቶክሲን ተገኝቶባቸዋል፤ ከፍተኛው በኪሎ 11,900 ማይክሮግራም ደርሶ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ለሰው ለሚቀርብ ለውዝ የሚፈቅደው በኪሎ 4 ማይክሮግራም ነው። ስለዚህ ከተቻለ ለውዝን ከነቅርፊቱ ግዢ፤ ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀ፣ ያልጠቆረ፣ ነፍሳት ያልበሳው ይሁን። ተፈልፍሎ የሚሸጥ ከሆነ ጥሬውን ገዝተሽ ራስሽ ልቀሚና ቁዪ። የተቆላው ቀለሙ ስለሚለወጥ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው መለየት ያስቸግራል። የለውዝ ቅቤ ላይ ደግሞ ምንም መለየት አይቻልም፤ የተሠራበትን ለውዝ የማታውቂ ከሆነ በእርግዝናሽ ጊዜ ቢቀርብሽ ይሻላል።

*ዛላ በርበሬ።* ነጋዴው የሚያሳይሽን የላይኛውን ሳይሆን ከጆንያው መሐል አውጥተሽ ተመልከቺ። በደንብ የደረቀ ዛላ ስትነቀንቂው ውስጡ ያለው ፍሬ ይሰማል፤ ስትሰብሪውም ቀጭ ይላል። እየታጠፈ አልሰበር ካለ እርጥበት አለው። በትራንስፖርት እንዳይሰባበር ወይም ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የሚረጩበት አሉና ጆንያው ውስጥ እጅሽን ሰደሽ ቅዝቃዜ ይሰማሽ እንደሆነ እዪ። ከዚያ ሦስት አራት ዛላ ሰንጥቂ። ሻጋታው ብዙ ጊዜ ከውጭ አይታይም፤ ቆዳው ቀይና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ሳለ ፍሬው የተያያዘበት የውስጡ ነጭ ክፍል ላይ ግራጫ ወይም ጥቁር አቧራ ተለጥፎ ታገኚዋለሽ። እንዲህ ያለውን አትግዢ፤ ርካሽ ቢሆንም ርካሽ አይደለም።

*በቆሎና ማሽላ።* የተሰበረ፣ የተጨማደደ፣ ነቀዝ የበላው፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ ወይም ሮዝ ቀለም ያለበት ፍሬ ከበዛ እለፊው። አፍንጫሽንም ተጠቀሚበት፤ የታፈነ ቤት ዓይነት ሽታ ካለው እህሉ እርጥብ ሆኖ ሰንብቷል ማለት ነው። በሐረርጌ በጉድጓድ የሚቀመጠው ማሽላ ሲወጣ ከአፉና ከግድግዳው አጠገብ ያለው ይበልጥ ስለሚበላሽ ከመሐሉ ጋር መቀላቀል የለበትም።

*ገብስ፣ አጃና ስናር።* ለአጥሚት፣ ለበሶ ወይም ለቆሎ ስትገዢ ሰፌድ ላይ ዘርግተሽ ከፍሬው የሚረዝም ጥቁር ነገር ፈልጊ። አንዱም ቢሆን ተለቅሞ ይውጣ። ብዙ ካየሽ እህሉን በሙሉ ተዪው።

ደረጃ 3፦ በእርግጥ መድረቁን አረጋግጪ

ሻጋታ ያለ እርጥበት አያድግም። እህል ለማከማቸት እርጥበቱ ከመቶ 13 ወይም ከዚያ በታች፣ የተፈለፈለ ለውዝ ደግሞ ከመቶ 7 አካባቢ መሆን አለበት። ይህን የሚለካ መሣሪያ በቤትሽ ባይኖር በጨው መፈተሽ ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ክዳን ያለው ጠርሙስ ብቻ ነው።

• ንጹሕና ፍጹም ደረቅ የሆነ፣ ወደ ውስጡ የሚያሳይ ጠርሙስ ያዢ።
• ጠርሙሱን ሢሶውን ያህል በእህሉ ሙዪ።
• ደረቅ ጨው ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ። ጨውሽ የሚያረጥብ ከሆነ አስቀድመሽ ፀሐይ ላይ ወይም ምጣድ ላይ አድርቂው።
• ክደኚና ለአንድ ደቂቃ ያህል አጥብቀሽ ነቅንቂው፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት አስቀምጪው።
• ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ እህሉ ከመቶ 15 በላይ እርጥበት አለው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ።

ጨው ካልተጣበቀ ከ15 በታች ወርዷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ለወራት የምታስቀምጪው ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ጨምረሽ አስጪው።

ስታሰጪ መሬት ላይ አይሁን። አፈር የሻጋታው ዋና መኖሪያ ነው፤ ሌሊት ደግሞ እርጥበት ይሰጣል። ሸራ፣ ምንጣፍ ወይም ከፍ ያለ ቆጥ ተጠቀሚ። ስሱ አድርገሽ ዘርጊ፣ አገላብጪ፣ ማታ ጤዛ ሳይወርድ አስገቢ።

ደረጃ 4፦ መልቀምን እንደ መድኃኒት ቁጠሪው

ከዚህ መመሪያ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብትባዪ ይህን ምረጪ። መርዙ በአንድ ጆንያ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ ጥቂት የተበላሹ ፍሬዎች አብዛኛውን ይሸከማሉ። እነዚያን አውጥቶ መጣል የቀረውን በእጅጉ ያጠራዋል።

ይህ በተግባር ተፈትኗል። በጊኒ ኪንዲያ አካባቢ 20 መንደሮችን ያካተተ ጥናት ተካሂዶ ነበር። በግማሾቹ መንደሮች ገበሬዎች ለውዛቸውን በእጅ እንዲለቅሙ፣ በምንጣፍ ላይ እንዲያሰጡ፣ አየር በሚያስገባ ጆንያ በእንጨት ርብራብ ላይ እንዲያስቀምጡ ተደረገ። ከ5 ወር በኋላ በሰዎቹ ደም ውስጥ የተለካው የአፍላቶክሲን ምልክት እንደ ቀድሞው ከቀጠሉት መንደሮች ሲነጻጸር ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። አዲስ መድኃኒትም ሆነ ውድ ማሽን አልነበረም።

እንዴት እንደምትለቅሚ፦ በቀን ብርሃን፣ ሰፌድ ላይ ስሱ አድርገሽ ዘርጊ። የተጨማደደውን፣ የተሰበረውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን፣ የበቀለውን፣ ነቀዝ የበሳውን አውጪ። ለውዝ ከሆነ የጠቆረውንና ቆዳው ብን ብን የሚለውን፣ ሁለት ቦታ ተከፍሎ መሐሉ ቢጫ ወይም አረንጓዴ የሆነውን አስወግጂ። በቆሎና ማሽላ ከሆነ ከለቀምሽ በኋላ በውሃ እጠቢው፤ የሚንሳፈፈውን ግፈፊና ጣዪ። የታጠበው ወዲያው የሚበስል ካልሆነ እንደገና በደንብ ይድረቅ። በቆሎን መፈተግም ይጠቅማል፤ ከመርዙ ብዙው ያለው በላይኛው ገለባና ፍሬው በሚበቅልበት ዓይኑ ላይ ነውና።

የለቀምሽውን ብጣሪ ለዶሮ ወይም ለላም አትስጪ። ዶሮ በአፍላቶክሲን በቀላሉ ትጎዳለች፤ የላሟ ደግሞ በወተቷ ተመልሶ ወደ አንቺ ይመጣል። ቅበሪው ወይም አቃጥዪው።

ደረጃ 5፦ አቀማመጥሽን አስተካክዪ

• ጆንያው መሬትም ግድግዳም አይንካ። ከሥሩ ርብራብ ወይም ድንጋይና ጣውላ አድርጊ።
• ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ ከክረምት በፊት አስደፍኚ። አንድ ጥግ ከረጠበ ሻጋታው ከዚያ ይነሳል።
• ነቀዝን ተከላከዪ። ነቀዝ ፍሬውን ይበሳል፣ ሙቀትና እርጥበት ይፈጥራል፤ ሻጋታው በከፈተለት በር ይገባል። ፀረ ነቀዝ መድኃኒት መጠቀም ካስፈለገ ግን ሥራው የአንቺ አይሁን፤ ሌላ ሰው በባለሙያ ምክር ያድርገው፣ አንቺም ከዚያ ክፍል ራቂ።
• አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ፒክስ ከረጢት ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ነቀዙን ያለ ኬሚካል አፍኖ ይገድለዋል። ነገር ግን በደንብ ለደረቀ እህል ብቻ ነው። እርጥብ እህል በፕላስቲክ ማዳበሪያ ከረጢት ማፈን ከሁሉ የከፋው አቀማመጥ ነው።
• የአምናውንና የዘንድሮውን አትቀላቅዪ። አዲስ ከመጨመርሽ በፊት ጎተራውን ጥረጊና ፀሐይ አስመቺው።

ደረጃ 6፦ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ

እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት ከ60 የተፈጨ በርበሬ ናሙናዎች በ8ቱ፣ ከ60 የሽሮ ናሙናዎች ደግሞ በ5ቱ አፍላቶክሲን አግኝቷል። የተገኘው ብዙ ባይሆንም መርዙ የተገኘባቸው ናሙናዎች መጠን በኪሎ ከ100 ማይክሮግራም አይወርድም ነበር።

በርበሬ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዝግጅቱ መሐል ነው። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይደለዛል፤ ከዚያ ለቀናት ይሰጣል። ሰማዩ ከደመነ ያ እርጥብ ድልዝ ለሻጋታ የተመቸ ነው። ስለዚህ የዓመት በርበሬሽን በበጋው፣ ፀሐዩ ጠንካራ በሆነበት ወር ጨርሺ፤ እርግዝናሽ የሚገፋው በክረምት ከሆነ አስቀድመሽ አስዘጋጂ። ስሱ አድርገሽ አስጪ፤ ሲነካ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ ሳይደርቅ ወደ ወፍጮ ቤት አይሂድ። ከወፍጮ የመጣው ዱቄት ሙቅ ስለሆነ ወዲያው አትክደኚው፤ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ሲቀዘቅዝ በደረቅ ዕቃ አድርጊና በእርጥብ ማንኪያ አትጨልፊ።

ሽሮም እንዲሁ ነው። አተሩ፣ ሽምብራው፣ ባቄላው ይለቀም፤ ከታመሰና ከተከካ በኋላ ከርሞ እንዳይረጥብ ጥቂት በጥቂት አስፈጪ። የተፈጨ ገዝተሽ የምትጠቀሚ ከሆነ ዛላውንና እህሉን ሲለቅሙ ከምታዪአቸው ሴቶች ግዢ። ከዱቄቱ ላይ ምንም መፈተሽ ስለማትችዪ መተማመኛሽ የሠራችው ሴት ናት።

ደረጃ 7፦ ወተት ጠጪ፣ የላሟን መኖ ግን ጠይቂ

ላም በአፍላቶክሲን የተበከለ መኖ ስትበላ መርዙ ትንሽ ተለውጦ በወተቷ ይወጣል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ተመርምረው የአውሮፓ ኅብረትን መለኪያ፣ ማለትም በሊትር 0.05 ማይክሮግራምን ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ዋናው ምንጭ ፋጉሎ፣ በተለይም የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። ወተቱን ማፍላት ከሳንባ ነቀርሳና ከሌሎች ጀርሞች ያድንሻልና አትተዪው፤ ይህን መርዝ ግን አይነካውም። አይብም መፍትሔ አይደለም፤ መርዙ ከወተቱ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ አይብ ውስጥ ይከማቻል።

እንዲህም ሆኖ ወተት አትተዪ። በእርግዝና ጊዜ የሚሰጠው ፕሮቲንና ካልሲየም በቀላሉ አይተካም። የራስሽ ላም ካለች ፋጉሎው በደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ተነሥቶ ይቀመጥ፤ የሻገተ እንጀራና ዳቦ አይሰጣት። ንጹሕ መኖ ከጀመረች በጥቂት ቀናት ውስጥ ወተቷ ይጠራል። ከጎረቤት የምትገዢ ከሆነም ስለ መኖው መጠየቅ ነውር የለውም።

ደረጃ 8፦ ለሻገተ እንጀራ፣ ለዳቦና ለጠላ

እንጀራ ሲሻግት ሻጋታው ያረፈበትን ቆርሶ ቀሪውን መብላት የብዙ ቤት ልማድ ነው። ለስላሳና እርጥብ ምግብ ላይ ግን የሻጋታው ክር ከሚታየው ርቆ ይሄዳል። ለዳቦም ያው ነው። በእርግዝናሽ ጊዜ የሻገተ እንጀራ ወይም ዳቦ በሙሉ ይጣል። ብክነቱ ከከበደሽ በአንድ ጊዜ የምትጋግሪውን ቀንሺ፤ ሞቅ እያለ መሶብ ውስጥ አትደራርቢው፣ ይቀዝቅዝ። ድርቆሽ የሚሠራውም ሳይሻግት ነው፤ ሻጋታው ከመጣ በኋላ ማድረቅ አያጠራውም።

ጠላን በተመለከተ፣ በአልኮሉ ምክንያት ለነፍሰ ጡር አይመከርም። በዚያ ላይ የተበላሸ እህል ወይም የሻገተ ቂጣ ወደ ጠላ ከገባ መርዙ አብሮ ወደ መጠጡ ያልፋል። "ለጠላ ይሆናል" ተብሎ የሚቀመጥ የሻገተ ነገር በቤትሽ አይኑር።

አፈር ወይም ጭቃ የሚያሰኝሽ ከሆነ ደግሞ የሻጋታ መርዝን ይመጥጣል ተብሎ የሚወራውን አትመኚ። አፈር ትላትልና እርሳስ ሊያስገባብሽ፣ የብረት እጥረትሽንም ሊያባብስ ይችላል። አምሮቱ ራሱ የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለአዋላጅ ነርሷ ንገሪያት።

ደረጃ 9፦ ክኒንሽን አትርሺ

የፅንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ውስጥ ነው። ብዙ ሴቶች በዚያ ጊዜ ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ለዚህ ነው በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ልጅ ከመታሰቡ ጀምሮ እንዲወሰድ የሚመከረው። በቆሎ ለሚበዛበት ማዕድ ይህን አለመርሳት ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ፉሞኒሲን የሚያውከው ይህንኑ ቫይታሚን ስለሆነ። ካረገዝሽ በኋላም ጤና ጣቢያ የሚሰጡሽን የብረትና ፎሊክ አሲድ ክኒን በታዘዘልሽ መሠረት ዋጪ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ምስርና ባቄላም ፎሌት አላቸው። ክኒኑ መርዙን አያወጣም፤ ሰውነትሽን ግን ያጠናክረዋል።

ከአገር ውጭ ካለሽ

ከእናትሽ ቤት በሻንጣ የመጣ በርበሬና ሽሮ የትም አገር ብትሆኚ ያው በርበሬና ሽሮ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ ከኢትዮጵያ በንግድ የሚገቡ ቅመሞችን በድንበር ላይ ለአፍላቶክሲን ከሚመረመሩት ዝርዝር አስገብቷቸው ነበር። በሻንጣ የሚመጣው ግን በዚህ ምርመራ በኩል አያልፍም። ስለዚህ አገር ቤት ያሉትን ከላይ ያለውን የበርበሬ ደረጃ አስነብቢያቸው፤ ሲደርስሽም በታሸገ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው። ቅዝቃዜው ያለውን መርዝ ባያጠፋም አዲስ እንዳይፈጠር ያደርጋል።

ሐኪም ጋ የሚያስሮጡ ምልክቶች

ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትሽ ከጠቆረ፣ ሆድሽ ከተነፋ ወይም ትውከቱ አልቆም ካለ የዚያኑ ቀን ሂጂ። ምክንያቱ የሻጋታው መርዝ ወይም የጉበት ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አይዘገይባቸውም። እጅና እግርሽን ማቃጠል ወይም መደንዘዝ፣ የጣት መጥቆር፣ ያለጊዜው የሚመጣ ቁርጠት ወይም ደም መፍሰስም እንዲሁ ነው። ከአንድ ቤት ወይም ከአንድ መንደር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲህ ከታመመ የበላችሁትን እህል ናሙና ይዛችሁ ሂዱ። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 በሻገተ በቆሎ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞተዋል፤ በሽታው የተለየው በቆሎው ሲመረመር ነው።

ከወለድሽ በኋላ

መርዙ በጥቂቱ በጡት ወተት ያልፋል። ይህ ግን ጡት ለማቆም ምክንያት አይሆንም፤ የጡት ወተት ከሚተካው የእህል ምግብ እጅግ ንጹሕ ነው። ትኩረትሽ አራስ ቤት የሚቀርብልሽ የአጥሚትና የገንፎ እህል መለቀሙ ላይ ይሁን። ሕፃኑ ስድስት ወር ሞልቶት ምግብ ሲጀምር የሚዘጋጅለት ድብልቅ ዱቄት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለውዝና በቆሎ ካለበት ፍሬ በፍሬ ይለቀም፤ ብዙ ተፈጭቶ አይቀመጥ።

ለቤተሰቡ፣ ከዚያም ለዚህ ሳምንት

ይህ ሥራ በነፍሰ ጡሯ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ጆንያ ማንሣት፣ ርብራብ መሥራት፣ ጣሪያ መድፈን የባል ሥራ ነው። መልቀሙን አማትሽና እህትሽ ከቡና ጋር ቢያደርጉት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማድረግ ካልቻልሽ በዚህ ቅደም ተከተል ጀምሪ። ዛሬ፣ ቤት ያለውን ለውዝና በቆሎ ልቀሚ። ነገ፣ ጆንያውን ከመሬት አስነሺና በጨው ፈትሺው። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ደግሞ የብረትና ፎሊክ አሲድ ክኒንሽ ማለቅ አለማለቁን ለአዋላጇ ንገሪያት። የቀረው ደረጃ በደረጃ ይደርሳል።